ክትባቱ ጾም እስኪፈታ ጠበቀ

ዓይናዲስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በግራ እጇ ትንሽ ጣት ላይ ነው። ጥፍሩ ወይን ጠጅ ነው። ለጌጥ የተቀባ አይደለም፤ ክትባት የወሰደ ልጅ ሁለት ጊዜ እንዳይሰጠው ጣቱ ላይ ምልክት የሚደረግበት የማርከር ቀለም ነው። ትንንሽ ልጆች ከመድኃኒቱ ይልቅ ማርከሩን ይፈራሉ። ስለዚህ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ዓይናዲስ አስቀድማ የራሷን ጥፍር ትቀባና ጣቷን አቁማ እያወዛወዘች ታሳያቸዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እጃቸውን ይሰጧታል። ቀለሙ በሳሙናም በአመድም ስለማይለቅ ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ይዛው ትሄዳለች፤ የሚጠይቃት ካለ ደግሞ ቀለበቴ ነው ትላለች።

የወይራ አምባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ወይራ አምባ ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከመኪና ወርደው ዳገቱን በእግር የሚወጡላት የገብስና የጤፍ መንደር ነች። ዓይናዲስ የተወለደችውም እዚያው ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣና ታባብላለች፤ ሪፖርቷን በአማርኛ ትጽፋለች። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ሲዘጋ፣ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ አቧራ እንጂ አንድ ፍሬ ኪኒን አልቀረም ነበር። ዓይናዲስ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ መቀመጧን አልተወችም። ለሚመጣው ሁሉ የምትሰጠው ስታጣ እጁን ይዛ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ሰዎች ዛሬም ድረስ ያን ጊዜ እንዳከመቻቸው ነው የሚናገሩት።

ለዚህ ሥራ ያበቋት የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። ገና ልጅ ሳለች ሽማግሌ ተልኮባት፣ አባቷም እሺ ሊሉ ምንም ያህል ሳይቀራቸው፣ ቄሱ መጥተው መሐል ቤት ቁጭ አሉና ይቺን ልጅ ካላስተማርህ መስቀሌን አላሳልምህም አሏቸው። ሰቆጣ ትምህርት ቤት ስትገባ ስንቋን በአህያቸው ጭነው፣ ራሳቸው እየነዱ አደረሷት። በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ገብርኤል ብለው የሚጠሯትም እሳቸው ብቻ ናቸው። እናቷ እንኳን ያንን ስም አይጠሩባትም። ዓይናዲስ በዚያ ስም ስትጠራ አሁንም አህያው ኋላ የምትራመደው ልጅ የሆነች ይመስላታል።

የሆነው ሁሉ ከባድ የሆነባትም ስለዚህ ነው።

ክረምቱ ሲገባ በቆላው በኩል አተት ተነሣ ተባለ። አተት ጠዋት የጀመረውን ሰው ለማታ አድርቆ የሚጥል ተቅማጥና ትውከት ነው። ዓይናዲስ ቤት ለቤት እየዞረች ውኃ አፍሉ ስትል ሰነበተች። የማርያም ጠበል ጋ ስትደርስ ግን ምላሷ ተሳሰረ። ጠበሉ ከዓለት ሥር ፈልቆ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። በሽተኛው የሚጠመቀው በዚያ ገንዳ ነው፤ ለቤቱ የሚጠጣ ጠበል በጀሪካን የሚሞላውም ከዚያው ነው። ብዙ አመነታች፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ለተሰበሰቡት ሴቶች ከገንዳው የምትቀዱትን አፍልታችሁ ጠጡ አለቻቸው። ወሬው ዳገቱን ሳይጨርስ መልኩን ለወጠ። ዓይናዲስ ጠበሉን ቆሻሻ አለችው ተባለ። ከተማ ያሉት ሰውን ከማርያም ለማራቅ ልከዋታል ያለም አልጠፋ።

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ሰምተው ዝም አሉ። ዓይናዲስን የጎዳት ዝምታቸው ነው። መስቀላቸውን መሳለም ተወች፤ በሩቅ ስታያቸው በእርሻው ጥግ ዞራ ማለፍ ጀመረች። ሄዳ ብትጠይቃቸውና አዎ አዝኜብሻለሁ ቢሏት፣ ያንን ቃል ተሸክማ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጉልበት አልነበራትም።

ክትባቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው፤ ያውም በፍልሰታ ጾም። የአተት ክትባት በመርፌ አይሰጥም፤ ከትንሽ ብልቃጥ የሚጠጣ ነው። በፍልሰታ ደግሞ ወይራ አምባ ውስጥ ሕፃን እንኳን ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምስም። ቅዳሴው የሚወጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ዓይናዲስ ዳገት ወጥታ ኔትወርክ ፈልጋ ወደ ከተማ ደወለች፤ ጾሙ ካለፈ በኋላ አድርጉት፣ ካልሆነም ከሰዓት በኋላ ኑ ብላ ለመነች። ሌላም ቀበሌ ይጠብቃል፣ ቀኑ ተይዟል አሏት። ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ታመው በቃሬዛ የወረዱ ሰዎች እንዳሉ ሰምታ ስለነበር፣ እሷም ከዚያ በላይ ይዘግይ ለማለት አልጨከነችም።

ቡድኑ ጠዋት ደረሰ። አስተባባሪው ንጋቱ ከሰቆጣ የመጣ ወጣት ነው፤ ጫማው ላይ የያዘውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ሥራውን ለመጀመር የሚቸኩል፣ ክፋት የሌለበት ልጅ። ሕዝቡ ለጸሎት ሲሰበሰብ ለማግኘት ብሎ ብልቃጦቹ ያሉበትን የበረዶ ሳጥን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አስቀመጠ። ሰው መጣ፣ ከበበ፣ አየ። ወደ ሳጥኑ የቀረበ ግን አልነበረም።

ቅጣው የሚባል፣ ቀልዱ ከመንደር መንደር የሚሻገር ሽማግሌ ገበሬ በትሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

"በኮሮና ጊዜ አፋችሁን ሸፍኑ አላችሁን፤" አለ። "ማስክ አጥተን በነጠላ ሸፈንን። እናንተው ደግሞ አፋችሁን ገልጣችሁ ስብሰባ ጠራችሁን። አሁን መጣችሁና ክፈቱ ትሉናላችሁ። የኛ አፍ መቼም እንቅልፍ ነስቷችኋል።"

ሰው ሳቀ። ንጋቱም ሳይወድ ሳቀ። ዓይናዲስ ግን ከሳቁ በታች ያለውን ሰማች፤ ቅጣው የተናገረው ሁሉ የሆነ ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ቄስ ወልደ ሐዋርያት ለቅዳሴ ሊገቡ ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ መጡ። ንጋቱ ደስ አለው። መድኃኒት ጾም አያስፈታም ብሎ አስቦ ይሁን፣ ቸኩሎም ይሁን፣ ብልቃጡን ከፍቶ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋና፣ እርስዎ ቢቀድሙልን ሕዝቡ ይከተልዎታል አላቸው። ቄሱ የጋቢያቸውን ጫፍ እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡ፤ አፋቸውን ሸፈኑ። እጃቸውን አወዛወዙ። ዳዊታቸውን ሳያቋርጡ፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ውስጥ ገቡ።

በቃ። ሕዝቡ ያየውን አየ። ሕፃን ያዘለች ሴት መጀመሪያ ዞረች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ ደጃፉ ባዶ ሆነ። ዓይናዲስ ቀዳሽ ካህን ከቅዳሴ በፊት ምራቁን እንኳን ተጠንቅቆ እንደሚውጥ ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን ሲያልፉ አላዩዋትም። እሷን የያዛት ያ አለማየታቸው ነው። ጠበሉን ስለነካች ክትባቱን በሷ ምክንያት የገፉት መሰላት፤ አንዴ ከመሰላት በኋላ የምታውቀው ሁሉ ከልቧ ጠፋ።

ንጋቱ ዳገት ወጥቶ በስልኩ ወይራ አምባ እምቢ ብላለች ብሎ አሳወቀ። አመሻሹ ላይ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሻገሩ ነው። ዓይናዲስ ጤና ኬላው ውስጥ ብልቃጦቹን ወደ ሳጥናቸው ትመልስ ነበር። አተቱ ዳገቱን ከወጣ እነዚያን ሴቶችና ልጆቻቸውን በቃሬዛ ወደ ታች የምታወርደው እሷ ነች። ይህን ስታስብ ኩርፊያዋም ፍርሃቷም አነሰባት። አንዱን ብልቃጥ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣች።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ደጀ ሰላም ንፍሮ ይበላል። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ከግንቡ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠዋል። የንፍሮው ሳህን ፊታቸው ነው፤ ከላዩ አንድ ፍሬ አልተነሣም። ፊታቸው ከርኃብ ገርጥቷል።

"የት ጠፋሽ፣ ወለተ ገብርኤል?" አሏት ገና ከሩቅ። "መድኃኒቴን ይዘሽ የት ገባሽ? ንፍሮው እኮ ቀዘቀዘ።"

ዓይናዲስ ቀርባ አጠገባቸው ቆመች።

"እንደ ኮሶ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው ብዬ እስካሁን ጾሜን አልፈታሁም" አሉ ቄሱ፣ ትንሽ እንደ መቆጣት እያሉ። "ያ ልጅ ጠዋት ሊያጠጣኝ ነበር። ስወጣ አጠገቤ ትመጪያለሽ ስል፣ ጭራሽ ዕቃችሁን ሰብስባችኋል።"

በባዶ ሆድ መሆን እንደሌለበት፣ በልቶም እንደሚጠጣ ነገረቻቸው። ቄሱ ሳህኑን አይተው በራሳቸው ሳቁ። ዓይናዲስ ግን አልሳቀችም። ሕዝቡ ጠዋት ያየውን እንዴት እንደተረዳው ስትነግራቸው ሳቃቸው ቆመ፤ ዞር ብለው ንፍሮ የሚበላውን ሰው እንደ አዲስ ተመለከቱት። ከዚያ እሷ ለብዙ ጊዜ ስትሸሸው የኖረችውን ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ ስለ ጠበሉ ቅር ብሎዎታል?"

"አዎ፣ ቅር ብሎኛል።"

ዓይናዲስ መሬት መሬት አየች።

"ቅር ያለኝ ግን በተናገርሽው አይደለም። ለሴቶቹ ነግረሽ ለኔ ሳትነግሪኝ መቅረትሽ ነው። ገንዳው ውስጥ ሰው እግሩን እንደሚታጠብ እኔ አላይም? መጥታ ትነግረኛለች እያልኩ ስጠብቅሽ፣ አንቺ በእርሻ በእርሻ ትዞሪያለሽ።" ቄሱ ቀጠሉ። "ጠበል አይፈላም። እሱን በል ብትይኝ አልልም። የሚጠጣ ግን ከዓለቱ አፍ ይቅዳ፣ ገንዳው ለመጠመቂያ ይሁን። የወንዙንና የምንጩን ውኃ አፍሉ ስትዪ ደግሞ እኔም አብሬሽ እላለሁ።"

ዓይናዲስ የፈለገችው ሁሉ አልነበረም፤ ከጠበቀችው ግን እጅግ ይበልጥ ነበር። ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን ስትሳለም ዕንባዋ መስቀሉ ላይ ወደቀ። ቄሱ በጋቢያቸው አበሱት።

ቄሱ ጥቂት ንፍሮ ቀመሱና አብረው ወደ ጤና ኬላው ወረዱ። ንጋቱ ሳጥኑን ሊያሸክም ሲል ሲያያቸው ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ሕዝቡም ንፍሮውን በእጁ እንደያዘ ተከትሏል፤ ቄሱ ወዴት እንደሚሄዱ ለማየት የቀረ ሰው አልነበረም። የቀደሰ ካህን በዚያ ቀን ምራቁን አይተፋም። ስለዚህ መድኃኒቱ ቢመርራቸውም ወደ ኋላ መመለስ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ቄስ ወልደ ሐዋርያት አማተቡ፣ ብልቃጡን ገለበጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ መንደር ሙሉ የአንድ ሽማግሌን ጉሮሮ ይመለከት ነበር። ጉሮሯቸው ወጣ፣ ወረደ።

"እንዴት ነው፣ አባ?" አለ ቅጣው ከኋላ።

"ከኮሶ ይሻላል" አሉ ቄሱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ካንተ ቤት ጠላም ይሻላል።"

ቅጣው ራሱ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ጥሩሐረግ የምትባል እናት ልጇን ታቅፋ ቀረበችና፣ ልጄ ቆርቧል፣ ቢተፋብኝስ ብላ ጠየቀች። ቄሱ ልጁን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ በኽምጣና አንድ ነገር ጆሮው ላይ ሹክ አሉት። ልጁ ፈገግ ሲል ዓይናዲስ ብልቃጡን ቀስ አድርጋ አንጠባጠበችለት፤ ዋጠው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ዓይናዲስ ቀና የማለት ፋታ አላገኘችም።

ቅጣው አልጠጣም። ሚስቱንና የልጅ ልጆቹን አሰልፎ፣ እስኪጨርሱ ቆሞ ጠብቆ፣ እኔን ለሌላ ዓመት አቆዩኝ ብሎ ሄደ። ዓይናዲስ አልተከተለችውም። በዚያች ሰዓት እሱን ማባበል ማስገደድ ይሆንባት ነበር። ሌላ ጊዜ ቤቱ ሄዳ ልታናግረው በልቧ ያዘችው።

በማግስቱ ወደ ማዶው መንደር መሄድ ነበረባቸው። ንጋቱ ሌሊቱን ጤና ኬላው ውስጥ አድሮ፣ ገና ሳይነጋ ጫማውን አስሮ ተቀምጦ ነበር። ዓይናዲስ ግን ጫማህን ፍታ፣ ቁርስ የማይበላ አገር ጠዋት አይኬድም አለችው። ንጋቱም ሳይከራከር ፈታ። ኋላ ዳገት ወጥቶ ለአለቃው ደውሎ ወይራ አምባ ጠጥታለች ብሎ ሲያስታውቅ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሡ። የዚያን ቀን የቅዳሴው ተራ የሌላ ካህን ስለነበር ቄስ ወልደ ሐዋርያት እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኟቸው። ለማዶ ሰዎች እኔ ጠጥቻለሁ ብለሽ ንገሪያቸው አሏት፤ የነሱንም ቄስ ከሕዝቡ በፊት እንድታናግር አደራ አሏት። ዓይናዲስ እሺ ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች።

"በደኅና ግቢ፣ ወለተ ገብርኤል።"

የበረዶ ሳጥኑን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ቁልቁለቱን ጀመረች። ንጋቱ ከኋላዋ እያንሸራተተው ድንጋይ ይቆጥራል፤ እሷ መንገዱን በእግሯ ስለምታውቀው ወደ ታች አታይም። ዝናብ ያጠበው ገብስ በሁለቱም በኩል እስከ ወገቧ ደርሷል። በየመታጠፊያው ትሰወርና ከታች ደግሞ ትወጣለች፣ እያነሰች፣ ነጠላዋ ብቻ እስኪቀር። ከወንዙ አፋፍ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ማዶ ጆሮዋን ሰጠች። የማዶው ቅዳሴ ገና አልወጣም ነበርና፣ ሳትቸኩል፣ ውኃውን ተሻግራ ሄደች።