ለሁለት አንድ ኳስ

ሚስቴ ኔታ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሆቴሉን አንሶላ ስትተኩስ ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው የጎልፍ ሜዳውን የመጨረሻ ጉድጓድ ስለሆነ፣ ሀብታሞቹ ባሕር ተሻግረው የሚመጡለትን ሣር እሷ እንፋሎት ውስጥ ቆማ ታየዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ራሷ ትጫወትበታለች። እዚህ ከተማ የተወለደ ሰው፣ ዓሣ አጥማጅም ይሁን ዳቦ ጋጋሪ፣ ሜዳው የራሱ ነው። የማልጫወተው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አውቶቡስ ስነዳ ወገቤ ደቀቀ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ ዱላ ተሸካሚ አደረጉኝ፣ ያለ ደመወዝ!

ያደረጉኝ ኔታና ታላቅ እህቷ ኢዝበል ናቸው። ኢዝበል ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከእኛ ሦስተኛው በር። በየጸደዩ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚደረገው፣ የተሸነፈ በሚወጣበት የጥንድ ውድድር ሁለቱ አብረው ያልገቡበት ዓመት የለም። ጨዋታው ለሁለት ሰው አንድ ኳስ ነው፤ አንዷ ትመታለች፣ ሌላዋ ከወደቀበት ትቀጥላለች፤ ኳሱን ባነሰ ምት ጉድጓዱ ውስጥ የከተተው ጥንድ ያንን ጉድጓድ ይወስዳል። እህትሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ከከተተችው ከእሾኹ የምታወጪው አንቺ ነሽ። አባታቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሕግ ነበረው፦ አጋርን ይቅርታ መጠየቅ የለም። "አንዴ ይቅርታ ካልሽ ስትዪ ልትውዪ ነው፤ ዝም ብለሽ ሂጂ" ይላቸው ነበር አሉ። እናም አንዷ ስታበላሽ ሌላዋ "ተራዬ ነው" ብላ ትሄዳለች። በቃ። ካገባሁ ጀምሮ ሜዳው ላይ ከሁለቱ አፍ ይቅርታ የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቤት ውስጥም ከኔታ አልሰማሁም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዘንድሮ ግን የኢዝበል ዓይን ደከመ። ምድጃ ላይ ድስት ረስታ ማድ ቤቷ ከመቃጠል ለጥቂት ተረፈ። ፐርዝ ከተማ ያለችው ልጇ ክፍል አሰናድታ "አሁኑኑ ነይ" አለቻት። ኢዝበል ደግሞ "ውድድሩን ሳልጨርስ የትም አልሄድም፤ የተሸነፍን ዕለት ደውዬልሽ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ" ብላ መለሰች። ልጅቷ አልተከራከረችም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ይሸነፋሉ ብላ ነው። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ያስባል?

አሸነፉ! በሚቀጥለውም ቅዳሜ ደገሙት። ኔታ ሳምንቱን ሙሉ ትተኩሳለች፣ ማታ ማታ "ትከሻዬን እሽልኝ" ትለኛለች፣ ቅዳሜ ሲነጋ የዝናብ ልብሷን ለብሳ ትወጣለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ራስሽን ልትገድዪ ነው እኮ" አልኳት።

"ካሸነፍን አንድ ሳምንት ትቆያለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደግመን እናሸንፋለን።"

ይህን ስትል ቁጭ እንዳለች ዓይኗ ሊከደን ነበር። እኔም ደክሞኝ ነበር፣ አልዋሽም። ጫማዬ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አይደርቅም።

በሦስተኛው ቅዳሜ የገጠሟቸው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሎሪመርና ልጇ ካትሪዮና ናቸው። ይሄ ሜዳ በደኅናው ቀን እንኳ ትልልቅ ተጫዋቾችን ያስለቅሳል፤ ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ ኳሱን ወደፈለገበት ይወስደዋል። ኢዝበል ትመታና ዞር ትላለች።

"የት ሄደ?"

"መሃል ላይ ነው፣ እቴ" ትላለች ኔታ።

ምን መሃል! ቦርሳውን እንደተሸከምኩ እሾኽ ውስጥ እርመጠመጣለሁ።

"ፈርጉስ፣ እዚያ ምን ትፈልጋለህ?" ትለኛለች ኢዝበል።

"መሀረቤ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ዛሬ ስንተኛ መሀረብህ ነው?"

እንዲህ እየሆኑ፣ እየወደቁ እየተነሱ፣ ከአሥራ ስምንቱ ጉድጓዶች አሥራ ሰባተኛው ላይ እኩል ደረሱ። እዚያ ካትሪዮና ኳሷን ለማስገባት ትንሽ ቀራት። የእኛ ሰው ልማድ አለው፤ የቀረው ርቀት ዱላው እጀታ ላይ ከተጠመጠመው ቆዳ ካልበለጠ "አንሺው" ይባላል፣ እንደገባ ይቆጠራል። ኔታ ጎንበስ ብላ አየችና "አንሺው" አለቻት።

እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። "እጇ ሲንቀጠቀጥ አታዪም? ትስተው ነበር እኮ!"

"ከቆዳው አይበልጥም።"

"እህትሽን ልትሸኚ ነው ወይ የመጣሽው?"

"ፈርጉስ፣ አፍህን ዝጋ።"

እኩል እንደሆኑ ወደ መጨረሻው ሄዱ። ጉድጓዱ በኔታ መስኮት ሥር ነው፤ ከፊቱ ጅረት አለ፣ ከጅረቱ ወዲያ ሰው የሚውጥ የአሸዋ ጉድጓድ። ኢዝበል መታች፤ ነፋሱ ያዘውና ሳይርቅ ወደቀ።

"የት ሄደ?"

"መሃል ላይ ነው። ተራዬ ነው።"

ኔታ ረጅሙን ዱላ ጠየቀችኝ። ያ ትከሻ በዚያ ነፋስ ጅረቱን ያሻግራል ብዬ አላመንኩም። አንዴ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ ከዚያ ባላት ጉልበት ሁሉ መታችው። ኳሱ ጅረቱን ተሻግሮ አሸዋው ውስጥ ተቀበረ። ኢዝበልን ክንዷን ይዤ አወረድኳት። ኔታ ከላይ ሆና ጉድጓዱ ላይ የተተከለውን ባንዲራ እያወዛወዘች "ወደ ድምፄ ምቺ!" አለቻት። ኢዝበል መታች። አሸዋው ፊቴን ሞላው፤ ዓይኔን ስጠርግ ኳሱ ባንዲራው ሥር ሲቆም አየሁ።

"የት ሄደ?"

"ጉድጓዱ አጠገብ!"

"ውሸታም! ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መሃል መሃል ስትዪኝ የማላውቅ መሰለሽ? በአፍንጫዬ ነው የማውቀው፤ ባልሽ እሾኽ እሾኽ ይሸታል።"

የአሁኑ መልሷ ግን እውነት ነበር። ሎሪመሮች ጨርሰዋል፤ ኔታ ካስገባች እኩል ይሆኑና ጨዋታው ይቀጥላል፣ ከሳተች አለቀ። የቀራት ከቆዳው አይበልጥም። እኔ ወይዘሮ ሎሪመርን አየኋት። ኔታም አየቻት። ሴትዮዋ ጓንቷን ማስተካከል ጀመረች።

"ወይዘሮ ሎሪመር! ቅድም..." ብዬ ስጀምር ኔታ በእጇ አስቆመችኝ።

ኳሱ ላይ ቆመች። ትከሻዋ ዝሏል። ያንን ትከሻ ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። መታችው። ኳሱ የጉድጓዱን ከንፈር ዞሮ ውጪ ቀረ።

ሎሪመሮች እጅ ጨብጠው ቶሎ ወደ ተጫዋቾቹ ክበብ ሄዱ፣ እንኳንም ሄዱ። አሮጌ ልቤ እንዲህ ይሰበራል ብዬ አልጠበቅኩም። ሥራ የሌለበት ቅዳሜ፣ ደረቅ ጫማ፣ እሳት ዳር መቀመጥ፣ ስመኘው የከረምኩት ሁሉ ድንገት አስጠላኝ።

"ሳትኩት" አለች ኔታ።

"ሰማሁት" አለች ኢዝበል።

"ይቅርታ።" ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ድምጿ ተሰበረ። "ይቅርታ፣ እቴ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አባታቸው ከመቃብር የሚነሳ መሰለኝ። ኢዝበልም የምትቆጣት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና አጭሩን ዱላ ተቀበለችኝ።

"ተራዬ ነው" አለች።

"ኢዝበል፣ አልቋል እኮ" አልኳት።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ተራዬ ነው አልኩ። ኔታ፣ ጉድጓዱ የት ነው?"

ኔታ እንባዋን በእርጥብ እጅጌዋ ጠርጋ ጎንበስ አለች፤ ባንዲራውን አወጣችና ጫፉን ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ቀጭ ቀጭ አደረገችው። "እዚህ፣ እዚህ ነው።" ኢዝበል ጆሮዋን አዘነበለች፤ ቀስ አድርጋ ነካችው።

"የት ሄደ?"

"ገባ።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው፣ እቴ። ገባ።"

ኢዝበል ራሷን ነቀነቀችና ዱላውን መለሰችልኝ። ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ለኔታ ሰጠቻት፤ ቁጥሩን ማየት አትችልም። ልጇ ጋ የደወለችላት ኔታ ናት።