ፊደሉን ማን ቆለፈው

ኮምፒውተር አበሳጨኝ የሚል ሰው ስሰማ ይገርመኛል። ማሽን ያዘዙትን ያደርጋል እንጂ ክፋት አያውቅም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የአገር ፊደል ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ የያዘ ሰው ነው፤ ከእሱም ይልቅ «እንዴት ያለ ሥልጡን ነው» እያልን ያጨበጨብንለት እኛ ነን።

ቡሬ ውስጥ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ለዓመታት በታይፕ ስቀጠቅጥ ኖሬ፣ ከዞን አንድ ኮምፒውተር ሲደርሰን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወሰድሁና ጠባቂው ሆንሁ። የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ለብቻው ነው የተገዛ፤ ባሕር ዳር ካለ አንድ ነጋዴ። አውራ ጣት የምታህል ቁልፍ አለችው፣ በኮምፒውተሩ ጀርባ ትሰካለች። እሷ ከሌለች ፕሮግራሙ አይከፈትም። ያን ጊዜ ነውርነቱ አልታየኝም። ሱቅም ቤትም ቁልፍ አለው፣ ይኼስ ቢኖረው ምን አለበት ብዬ አለፍሁት።

መሪጌታው የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከቡሬ የሁለት ሰዓት መንገድ ከምትርቅ የገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር፤ የሰው መልክ ሳይሆን ጥላ ነው የሚያዩት። በምርኩዝ እየዳበሱ ገብተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና፣ መጻፊያው መኪና ግዕዝ ይጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። ይጽፋል አልኋቸው። ያስተማሯቸው የኔታ በሕይወት ሳሉ የተቀኟቸው ከሁለት መቶ በላይ ቅኔዎች በእርሳቸው ጭንቅላት ብቻ እንደቀሩ ነገሩኝ። አብረዋቸው የተማሩት ሁሉ ሞተዋል። ብራና ላይ አልሰፈረም፣ ደብተር ላይም የለም።

እንቢ ማለት አልቻልሁም። ማክሰኞና ዓርብ፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ፣ እርሳቸው ይመጣሉ። እርሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ናቸው፤ እኔም ምሳዬን እተዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው የቅኔውን አንድ ቤት ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት በምርኩዛቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ። «ንጉሡን ሠ ጻፊ፣ እሳቱን ሰ አይደለም» ይሉኛል። ጉባኤ ቃናው ሲያልቅ ዘአምላኪየ፣ ከዚያ መወድሱ፣ በየቅኔው ዓይነት እየተባለ ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀረ። ወረቀት በተገኘ ጊዜ ሲሶውን ያህል አትሜ ሰጠኋቸው። ለቀረው ቀለም ስላለቀ፣ ሁሉንም በሁለት ፍሎፒ ገልብጬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥሁ። ጨረስን ያልን ቀን መሪጌታው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ታመመ። ያሳመመው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ካርታ ሲጫወትበት ይውላል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ከወዳጆቹ የተቀባበለውን ጨዋታ በፍሎፒ እያመጣ ይጭንበታል። ቫይረስ ገባ። ከፍኖተ ሰላም ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። እኔ ያን ቀን ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። ባለሙያው «ፎርማት አድርጌዋለሁ» ብሎ ሄዷል። የዚያ ዘመን ባለሙያ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር። ምን ነካው፣ ምን ይዟል ብሎ አይጠይቅም፤ ያጠፋዋል፣ ያጠፋውም እንደ ጥበብ ይቆጠርለታል።

ፍሎፒዎቼ አሉ ብዬ ልቤን ያዝሁ። ቁልፏ ግን ከጀርባው የለችም። ባለሙያው ነቅሏት የት እንደጣላት አያውቅም። «አትጨነቂ፣ ሌላ ጭኜልሻለሁ፣ ክራክ ነው» አለኝ በስልክ። የሌላ ነጋዴ ፕሮግራም፣ ቁልፉ ተሰብሮ የተሰረቀ ማለቱ ነው። ፍሎፒውን ከትቼ ፋይሉን ከፈትሁት። ቅኔው የለም። የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፣ ቅንፍ፣ እንደ ንፍሮ ተደበላልቆ ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ገጽ በገጽ ወረድሁ። ሁሉም እንዲያው ነው።

መሪጌታው በዚያ ሳምንት መጡ። አሁን ጥላም አያዩም፤ ቅኔውንም አስጀማሪ ካላገኙ በቃላቸው መወጣት አቅቷቸዋል። የሆነውን ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ጠፋ ነው ወይስ ተሰወረ?» ብለው ጠየቁኝ።

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ ባሕር ዳር ወረድሁ። ነጋዴው ቢሮው ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ሻይ የሚጋብዝ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጉዳዬን በጥሞና ሰማኝ። ያ ፕሮግራም አርጅቷል፣ አሁን አዲሱን ነው የምንሸጠው አለ። አዲሱ አሮጌውን ፋይል ያነብ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አያነብም። እንግዲያው የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ዝርዝሩን ስጡኝ፣ በእጄም ቢሆን እገለብጠዋለሁ አልሁት። ፈገግ አለ።

«እመቤት፣ እሱ የድርጅቱ ምስጢር ነው» አለኝ።

«ሀ ሁ ነው ምስጢሩ?»

«አደራደሩ የእኛ ነው።»

«ፊደሉንስ ማን ሸጠላችሁ?»

ሻዩን ሳልቀምስ ተነሥቼ ወጣሁ። ጣና ዳር ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ ከሐዘን ሳይሆን ከንዴት። የኔታ ለተማሪያቸው አፈሰሱ፣ ተማሪው ለእኔ አፈሰሰ፣ አንዳቸውም ምስጢሬ ነው አላሉም። መሐል ላይ የገባ አንድ ነጋዴ ግን በሩን ዘጋው።

የረዳኝ ሰው ፍኖተ ሰላም የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው። ያን ፎርማት ያደረገውን ባለሙያ ልጣላ ሄጄ፣ መምህሩን እሱ ዘንድ ተቀምጦ አገኘሁት። ነገሩን ሰምቶ በያዝሁት ፍሎፒ ያለውን ፋይል አየና ምንም እንዳልጠፋ ነገረኝ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው አለኝ፤ ነጋዴው ለየፊደሉ የገዛ ራሱን ቁጥር ሰጥቶ ዝርዝሩን ደበቀ እንጂ ቅኔው እዚያው ነው። አሁን ደግሞ ዓለም ሁሉ የተስማማበት የፊደል ቁጥር እንዳለ፣ የእኛም ሀሁ እንደገባበት፣ ማንም ከፍቶ ሊያየው እንደሚችል አስረዳኝ። ከቦርሳው አንድ ሲዲ አወጣ። ከውጭ አገር በፖስታ በነጻ የመጣለት ነው፤ ሽፋኑ ላይ ቅዱት፣ አባዙት፣ ለወዳጅ ስጡት የሚል ተጽፎበታል። ሊኑክስ ይባላል፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ፕሮግራም ነው አለኝ። የተሠራበት ጽሑፍ ሁሉ ለሚያነብ ክፍት ነው፤ የማይወደው ያርመዋል፣ ያረመውን መልሶ ለሌላው ይሰጣል።

ሳቅሁ መሰለኝ። «ማነው ደክሞ ሠርቶ በነጻ የሚሰጥ?» አልሁት።

«መሪጌታሽ አሉ አይደለም?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም እመላለስ ነበር። መሪጌታው ያን የታተመውን ሲሶ ከቅኔ ቤቱ አስመልሰው ሰጡኝ፤ ተማሪዎቹ ብዙ ስላገላበጡት ጠርዙ ተልጧል። እኔ ከወረቀቱ ፊደሉን እላለሁ፣ መምህሩ ከፋይሉ ምልክቱን ይፈልጋል፣ በትልቅ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን እንጽፋቸዋለን። የመጀመሪያው ቀን ያገኘናቸው ከሠላሳ አይበልጡም። አንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ተጣምረው። በሁለተኛው ወር ካርቶኑ ሞላ። መምህሩ በዚያ በነጻው ሲዲ ላይ ያገኘውን መሣሪያ ይዞ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፋይሉን ሰጠነው። የጥያቄ ምልክቱና የገንዘብ ምልክቱ ተገፎ ግዕዙ ሲወጣ ዓይኔ እያየ ማመን አቃተኝ። መምህሩም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስክሪኑን ያይ ነበር።

ሁሉም ግን አልወጣም። በታተመው ሲሶ ውስጥ ያልነበሩ ፊደሎች ባዶ ቦታ ሆነው ቀሩ። ያንን ይዤ ወደ መሪጌታው ደብር በእግሬ ወጣሁ። ከቅኔ ቤቱ ጥግ ተቀምጠን አነበብሁላቸው፤ ክፍተት ላይ ስደርስ እቆማለሁ፣ እርሳቸው ይሞላሉ። አንድ ቦታ «ራቅሊጦስ» ብዬ ቆምሁ። «ጰራቅሊጦስንማ እንዴት ታጪዋለሽ» ብለው ገሠጹኝ። ኀይል በብዙኃኑ ኀ፣ ሕይወት በሐመሩ ሐ እያሉ እስከ መጨረሻው ሄድን። አንድ መወድስ ብቻ ፍሎፒው ተበላሽቶ ከግማሹ ተቆርጧል። ብዙ አሰቡ፤ አልመጣላቸውም። እርስዎ ይጨርሱታ፣ ማን ያውቃል አልኋቸው። ተቆጡ። በየኔታ ቃል ላይ የራሳቸውን ቀጥለው የየኔታ ነው አይሉም። እንደተቆረጠ ተጻፈ።

ይህን ያህል ደክሜ ስመለስ ግምገማ ጠበቀኝ። ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እርስ በርሱ የሚካሰስበት ቀን ነው። ኃላፊው ተነሣና በመንግሥት ንብረት የግል ሥራ ሠርታለች አለ። ያ ሰው በዚያው ኮምፒውተር ስንት ሰዓት ካርታ ሲደረድር እንደዋለ የማያውቅ አንድም ሰው በአዳራሹ አልነበረም። ሁሉም አቀርቅሮ የገዛ ጉልበቱን ያያል። እኔ ደግሞ አፌን መያዝ አልቻልሁምና ኮምፒውተሩን ያጠፋው ማን እንደሆነ ተናገርሁ። ቀጥዬም ከእንግዲህ ቢሮው በተሰረቀ ፕሮግራም ከሚሠራ በነጻው ይሥራ፣ መምህሩ ሊያስተምረን ፈቃደኛ ነው አልሁ። ኃላፊው ዓይኑን አጠበበ።

«ነጻ ማለት ምን ማለት ነው? ከማን ነው ነጻ?» አለኝ።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ሰው በቃላት የሚታሠርበት ጊዜ ነው። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም። ዋጋ የማይከፈልበት ማለቴ ነው ብዬ ተቀመጥሁ። ይህቺን መልስ ባስታወስሁ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ዋጋውን ማለቴ አልነበረም። እንድናየው፣ እንድናርመው፣ ማንም በላያችን እንዳይቆልፈው ማለቴ ነበር። እንደዚያ ማለት ነበረብኝ።

ወሩ ሳያልቅ ወደ ደምበጫ ተዛወርሁ። እዚያም ያው ነው። ስለ ነጻው ስናገር ወጣቶቹ «ክራኩ እያለ?» ብለው ይስቁብኛል። የዘረፉትን እንደ ጀግንነት፣ በፍቅር የተሰጣቸውን እንደ ውራጅ ያዩታል። ነጋዴው ቆለፈብን፣ እኛ መቆለፊያውን ሰብረን ገባንና ብልጥ የሆንን መሰለን። ፊደሉ ግን በሁለቱም መንገድ የእሱ ሆኖ ቀረ፤ እሱ ሱቁን የዘጋ ቀን የስንቱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ንፍሮ ሆኗል። ይህንን ለማን ልንገር? የሚሰማኝ ሳጣ ያን የፊደል ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት አባዝቼ፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ላሉ የጽሕፈት ሱቆች በየበሩ ሰጠሁ። መምህሩም ፕሮግራሙን ለጠየቀው ሁሉ ይቀዳ ነበር።

ከዓመት በኋላ ባሕር ዳር አውቶቡስ ተራ አጠገብ ባለ ሱቅ ዝርዝራችንንና ፕሮግራሙን ሲዲ ላይ ሲሸጥ አገኘሁት። ሽፋኑ ላይ የሻጩ ስም አለ፣ ማባዛት ክልክል ነው ይላል፣ ለመክፈት የምስጢር ቁጥር ያስፈልገዋል። የመምህሩ የፊደል ስሕተት ሳይቀር እንዳለ ነው። ሻጩ ላይ ጮህሁበት። ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ፣ እብድ ናት አሉኝ፣ ዞር በይ ተባልሁ።

በቀጥታ ወደ መሪጌታው ሄድሁ። ቅኔዎቹ ታትመው፣ ከታተመው ደግሞ በእጅ ተገልብጠው፣ ሦስት ጉባኤ ቤት ደርሰዋል። እርሳቸው ደክመው ከአልጋ ላይ ነበሩ። ሻጩ ያደረገውን እየተንገበገብሁ ነገርኋቸው።

«ተዘረፍን መሪጌታ» አልኋቸው።

«ከተዘረፈማ ቅኔ ሆኗል» አሉና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። በቅኔ ቤት መዝረፍ ማለት መቀኘት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን አልሳቅሁም። ውኃ አቀበልኋቸውና ወጥቼ ደጅ ቆምሁ።