በሚካኤል ቀን ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ

የአባቴ መኪና ሞተሯ ሞቶ ግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ከቆመች ሦስት ክረምት አለፋት። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናው ጥሎኝ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ጧት ጧት የደብረ ማርቆስ ጉም አጥሩን ተሻግሮ ሲገባ መሪዋን ይዤ እቀመጣለሁ። መስታወቱ ነጭ ይሆናል፤ ቤቱ ይጠፋል፤ የምሄድ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መካኒክ ነው። መኪናዋን ላኩልኝ፣ አስነሥቼ ልስጣትና እሷው ትሥራባት አለ። እሷ ማለት እኔ ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ። አባቴ ለመኪናዋ እሺ አለ፣ ስለ እኔ ግን ትንፍሽ አላለም። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ፈተናውን እንድደግም ይፈልጋል። መኪናዋ ሄዳ እኔ ከቀረሁ ዛፉ ሥር መብቀሌ ነው ብዬ ፊት ለፊት ነገርኩት። የጋዜጣውን ገጽ ገለጠ።

መኪና የሚያስጭነው ደላላ የከተማችን እህል በረንዳ ነው የሚገኘው። አንድ ስልክ ደውሎ የሚጨርሰው መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከአዲስ አበባ ሲሚንቶ ይዞ የመጣ አይሱዙ ጤፍ ጭኖ ነው የሚመለሰው፤ ጤፍ ትቶ የሞተ መኪና የሚጭን ሹፌር የለም። ስለዚህ ባዶውን የሚመለስ መጠበቅ ነው። ደላላው ሙስሊም ነው፣ የታቦት ቀን ግን ከእናቴ አብልጦ ያውቃል። በጣቱ ቆጠረና ሚካኤልን ጠብቁ አለን። በሚካኤል ገበሬው እህል አያወጣም፣ ከደብረ ኤልያስም ጭነት አይመጣም፤ ያን ቀን ሹፌሮቹ ራሳቸው ይለምኑኛል አለ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከባለቤቱ ወገን ሰው አብሮ ይሂድ። አባቴ እኔ እሄዳለሁ አለ።

በሚካኤል ጧት መኪናዋን እየገፋን ከከተማው ጫፍ አደረስናት። እዚያ መንገዱ ሲቆረጥ የቀረ የአፈር ግድግዳ አለ፤ ቁመቱ ከአይሱዙ ወለል ጋር እኩል ነው። አይሱዙው ጀርባውን ለአፈሩ ሰጠ፣ መሀላቸው ሁለት ወፍራም ጣውላ ተዘረጋ። የፊት መስታወቷን ጠጠር እንዳይመታው በኋላዋ ትግባ ተባለ። አባቴ መሪ ያዘ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው መግፋት ጀመሩ። ጉሙ ነጭ፣ ነጠላው ነጭ፤ መኪናዋን የሚገፋት ጉሙ ራሱ ይመስል ነበር።

ጣውላው ጮኸ። አልሄድ አለች። የአይሱዙው ሹፌር ወርዶ የመኪናዋን ኋላ ቢከፍተው ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ አንድ ቆርቆሮ ማር።

"እትዬ፣ ደላላው መኪና ነው ያለኝ፤ ጎተራ አላለኝም።"

"ባዶ መኪና ለልጅ አይላክም፣" አለች እናቴ፣ ሳታፍር።

ጭነቱ ሁሉ ወረደ። ጣውላው አሁንም ጎበጠ፤ አባቴ ግዙፍ ሰው ነው። ሹፌሩ ቀለል ያለ ሰው መሪ ይያዝ ሲል ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ። ገፏት፣ ገባች። እንዳትነቃነቅ የእናቴን ጆንያዎች በግራና በቀኝ ወሸቁ፤ በሮቿ ከዚያ ወዲያ አይከፈቱም። በመስኮት ውጪ አሉኝ።

መሪውን ይዤ ከመቀመጫው አልተነሣሁም።

አባቴ አፈሩ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ አየኝ። አሁን ስለ ፈተናው ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ለመንገዱ የለበሰውን ጋቢ ከትከሻው አወረደና ጣውላው ላይ ተራምዶ መጥቶ በመስኮት ሰጠኝ።

"ደጀን ላይ ይበርዳል። ፍሬኑን እንዳትለቂ።"

ያ ፍሬን መያዝ ከተወ ሦስት ክረምት እንደሆነው ሁለታችንም እናውቃለን።

አይሱዙው ተነሣ። ፊቴ ወደ ማርቆስ ስለነበር ሁሉም ከፊቴ እየራቀ ሄደ፤ አባቴ፣ የአፈሩ ግድግዳ፣ ነጫጮቹ ሰዎች፣ በመጨረሻም ጉሙ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር መሪውን አዞርኩ። ገደሉ በመስኮቴ ላይ ቀስ ብሎ ይዋኝ ነበር። ጋቢው የአባቴን ሽታ ይሸታል። እስከ ድልድዩ ድረስ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላነሣሁም።