ታንኳ ላይ ያዘመመው አክስል

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ ባሕር ዳር ገና በጣት የሚቆጠር ቤት ሳለች ነው። ያኔ ካሚዮን እነዳ ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዘመድ ሞት እንኳ ቀኑ ይጠፋብኛል። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ እልኩ እስካሁን አልወጣልኝም። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ ስለሆነ ጽሕፈቴ ሸካራ ቢሆን እለፉት።

ካሚዮኑ የሐጂ ሙዘይን ነበር። ሐጂ የጨውና የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ጣሊያኖች ጋልበው ጋልበው የጣሉትን አሮጌ ገዝተው እኔን ሾፌር አደረጉኝ። ውሉ አንድ ነበር፤ ካሚዮኑ ለጦሩ እህል እስካመላለሰ ድረስ የሐጂ ነው፣ ከቆመ ይወረሳል።

አንድ ቀን ከመራዊ ጭነን ስንመለስ የኋላው አክስል ተሰበረ። አክስል ማለት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚሸከመው፣ መካከሉ እንደ ቅል ያበጠ ረጅም ብረት ነው። ቅሉ ውስጥ ጥርስ አለ፤ ከጥርሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንዳንድ ዘንግ ወጥቶ ጎማውን ያዞራል። የኛ ጥርሱም ረገፈ፣ አንደኛው ዘንግም ለሁለት ተቆረጠ። ካሚዮኑን በበሬ አስጎትተን ሐይቁ ዳር አቆምነው።

የጣሊያኑ ሹም መጣና አየው። "እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ" ብሎ በአስተርጓሚ ነግሮን ሄደ።

ሐጂ እኔን ጠሩኝ። "ልጄ፣ ጎርጎራ የተሰባበረ መኪና የሚከምሩበት ግቢ አለ ይላሉ። የይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ። ብረት የምታውቅ አንተ ነህ፤ እኔ የማውቀው ጨው ነው። ይህ ካሚዮን ከሄደ ቤቴ ሄደ።"

ጎርጎራ ከሐይቁ ማዶ ነው። የጣሊያን ጀልባ የኛን ሰው ዕቃ አይጭንም። ስለዚህ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ የደንገል ሣር ታንኳ ሠሪ ሁለት ታንኳ ይዘው እንዲወስዱኝ ሐጂ ለመኗቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆኑ ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ አንተ ነበር የምላቸው። ሾፌር ነኛ! ደንገል የሚያስር ሰው ለእኔ ምንም አልነበረም።

ግቢው ውስጥ ለኛ ካሚዮን የሚሆን ሦስት አክስል አገኘሁ። የመጀመሪያው ጥርሱ ተበልቷል። ሁለተኛው ሆዱ ተሰንጥቆ በብየዳ የተለጠፈ ነው። የሦስተኛውን የሆዱን ክዳን ፈትቼ በጣቴ ዳሰስሁት፤ ጥርሱ ስለት ይመስላል፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ፍሬኑ ግን በሁለቱም በኩል ዝጎ ተጣብቋል፤ የጎማውን ቦታ ብገፋው ብገፋው ንቅንቅ አይልም። መካከሉ ላይ ያለውን፣ ጥርሱን የሚያዞረውን ጫፍ ይዤ ባዞረው ጊዜ ግን ያለ ድምፅ ሾረ።

የግቢው ዘበኛ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር የሆነ አስካሪ፣ ሰልችቶታል። "ምነው፣ ሙሽራ ነው የምትመርጠው?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ስማው! ድምፅ እንኳ የለውም" አልሁት።

"ሬሳም ድምፅ የለውም። ውሰደውና ሂድልኝ።"

ወሰድሁት።

ጋሽ እንድሪስ ሁለቱን ታንኳ ጎን ለጎን አሰሩ። ስድስት ሰው ተሸክሞ አክስሉን በላያቸው አጋደመው፤ አንዱ ጫፍ በአንዱ ታንኳ፣ ሌላው ጫፍ በሌላው። ወዲያው ግራው ታንኳ ሰጠም አለ፤ ቀኙ ከፍ እንዳለ ቀረ። ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው የውኃውን ልክ በስንዝር ለኩ።

"ልጄ፣ ይህ ብረት በአንድ ወገን ባዶ ነው" አሉ።

"ታንኳህ ይሆናላ የተጣመመው!"

"ሁለቱም በአንድ ቀን የታጨደ ደንገል ናቸው። እንዲያውም እይ።" ተሸካሚዎቹን ለምነው ብረቱን ጫፍና ጫፉን አቀያየሩት። አሁን ደግሞ ቀኙ ታንኳ ሰጠመ፣ ግራው ከፍ አለ። "አየህ? እንመልሰውና ክፈተው። ግቢው እዚሁ ነው።"

እኔ መልስ ነበረኝ። የአክስል ሆድ ልክ መካከሉ ላይ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ጠጋ ያለ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ወገን ይከብዳል። ይህን አስረዳኋቸው። ውሸትም አልነበረም።

"የሆዱን አይቻለሁ" አሉ። "ይህ ግን ከሆዱ በላይ ነው። ስንት ዘመን ስጭን የኖርሁ ሰው ነኝ።"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። በማን እንደ ሳቁ አላውቅም፤ ለእኔ ግን በእኔ መሰለኝ። "አንተ ደንገልህን እሰር! ብረት የሰው ሥራ ነው!" አልኋቸው።

ጋሽ እንድሪስ ከዳርቻው በሁለት እጅ የሚታቀፍ ድንጋይ አንሥተው ከፍ ያለው ታንኳ ላይ አኖሩ። አነሰ። ሌላ ትንሽ ጨመሩ። ሁለቱ ታንኳዎች እኩል ሆኑ። ተነሣን።

ሦስት ቀን በሐይቁ ላይ ሄድን። ቀን እንቀዝፋለን፣ ሲመሽ ዳር ወጥተን እናድራለን። እሳቸው ከ"ቅዘፍ" እና ከ"ብላ" በቀር ቃል አልተነፈሱም። እኔም ድንጋዮቹን እንዳላይ ፊቴን አዙሬ እቀዝፍ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ደረስን። ሐጂ ዳር ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ አክስሉን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ከመግጠሜ በፊት ግራሶ ልቀባው ብዬ የሁለቱን ጫፍ ክዳን ፈታሁ። ግራው ዘንጉ አለ። የቀኙን ክዳን ሳነሣ ጨለማ ቧንቧ ነው። እጄን እስከ ክርኔ ከተትሁ። ምንም የለም። አንድ ሰው ቀድሞኝ ዘንጉን መዝዞ ወስዶ ክዳኑን መልሶ አስሮታል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለቱም ፍሬን ተጣብቆ ሳለ መካከሉ መዞር አልነበረበትም። ደኅና ቢሆን ኖሮ ድርቅ ብሎ እምቢ ይለኝ ነበር። የዞረልኝ በአንድ ወገን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ነው። እኔ፣ ብረት ዐዋቂው፣ የተደሰትሁበት ነገር ራሱ ጉድለቱ ነበር።

ከአሮጌው አክስላችን የተረፈውን ዘንግ አወጣን። ሆዱ ወደ ጎን ስለሆነ አንዱ ዘንግ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። የጎደለን ረጅሙ፣ የተረፈን አጭሩ። አልደረሰም።

ከኋላዬ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ እንድሪስ ታንኳቸውን ሊያደርቁ ድንጋዮቹን እያወረዱ ነው። ዞር ብዬ አየሁ። ትልቁና ትንሹ አንድ ላይ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ዘንግ ያህላሉ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም።

ቅዳሜ ወታደሮች መጥተው ካሚዮኑን በሌላ ካሚዮን ጎትተው ወሰዱት። ሐጂ "የአላህ ሥራ ነው" አሉና ቤታቸው ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጨውን በአህያ ማስጫን ጀመሩ፤ ግቢያቸውም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። እኔን አንድ ቀን እንኳ ለምን አላሉኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጋሽ እንድሪስን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታውን እሳቸው ቀደሙኝ። "እንዴት ነህ ልጄ? ብረቱስ፣ ባዶው ወገን ወፈር አለ?" ብለው ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ አሁን ሳስበው ነገሩን ሊያቀሉልኝ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ ፊቴን አዙሬ ሄድሁ። ሁለተኛ አልተገናኘንም። ከጥቂት ዓመት በኋላ መሞታቸውን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሮጌ አክስል ገዝቻለሁ። ሁሉንም ከመግዛቴ በፊት በገመድ ሰቅዬ ወዴት እንደሚያዘም አያለሁ። ባለ መኪናዎቹ "ብረት ነው ወይስ ጤፍ የምትመዝነው?" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከማን እንደ ተማርሁት ግን ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም፤ ይኸው አሁን ጻፍሁት።

ያ አክስል እስካሁን ሐይቁ ዳር ወድቋል። የሚያነሣው ጠፋ። የጋሽ እንድሪስ ልጆች እርጥብ ታንኳቸውን እያስደገፉ ያደርቁበታል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር እናደዳለሁ። "ልክ ነዎት" ለማለት በሐይቁ ላይ ሦስት ቀን፣ በገበያው ደግሞ አንድ ቀን ነበረኝ። አላልሁም። አሁን ለማን ልበል?