የአራት ነጥብ ኮምፒውተር

የእህቴ ባል ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ካዩ ዕረፍት ስለሚነሳቸው የሥራ ጓደኞቻቸው «አራት ነጥብ» ይሏቸዋል። የሠርጌን የጥሪ ካርድ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ አርመው መልሰውልኛል፤ የገዛ ስሜን ተሳስቼ ነበር። እኔ የምጠራቸው ጋሼ ብዬ ነው።

ጡረታ ሲወጡ ሥራው ቤት ድረስ ተከተላቸው። መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አስገብተው፣ ከሥሩ አንድ ጥቁር የኮምፒውተር ሳጥን አስቀምጠው የሰው መጽሐፍ ያርማሉ። ያን ሰሞን በእጃቸው የነበረው አንዲት ጡረተኛ ነርስ የጻፈችው አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ማተሚያ ቤቱ ለሚቀጥለው ሰኞ ይጠብቃል። የታረመው ቅጂ ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ተራ ይዤ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ።

«ምን አድርገህበት ነው የሄድከው?» አሉኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ኮምፒውተሬን ነዋ! አይነሳም። ጥቁር ሆኖ ቁልፍ ያሳየኛል፣ የይለፍ ቃል አምጣ ይለኛል። ሰኞ አንተ ከነካካኸው ወዲህ እኔ አልከፈትኩትም!»

ሰኞ ማታ የመንጃ ፈቃድ ማሳደሻ ቅጽ ላትም ጎራ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት፣ «አንተ ሌባ! ሁለተኛ ቤቴን እንዳትረግጥ!» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

በሃያ ስድስት ዓመት ዝምድናችን አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገውብኝ አያውቁም። ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላ የተቀመጠች ሴትዮ፣ «ሹፌር፣ አንሄድም እንዴ?» ስትለኝ ነው መኪናው መሙላቱን ያወቅሁት።

ትንሽ ቆይቶ እህቴ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ዛሬ እንዳትመጣ። እኔንም ከወንድምሽ ጋር ተመካክራችሁ ነው ብሎኛል» አለችና ለቅሶዋ መጣ።

ስሜን ማጥራት ነበረብኝ። ጠዋት ጠዋት የማመላልሳት አንዲት የኮምፒውተር ጠጋኝ አለች፤ ረጋ ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። የደረሰብኝን ነገርኳትና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይዣት ሄድኩ።

በሩን የከፈቱት ጋሼ ናቸው። እኔን እንደ ግድግዳ አልፈውኝ፣ «ግቢ ልጄ» አሏት። መኝታ ቤቱ የተዘረፈ ይመስላል። መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል፣ ወረቀቱ አልጋው ላይ ተበትኗል። ያ መርፌ እንኳ ቦታዋን የማትስትበት ክፍል! እህቴ በሩ ጋ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ታጣጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

ጠጋኟ አበራችው፣ አየችው፣ አጠፋችው። «ይሄ ብልሽት አይደለም» አለች። «ገና ከመነሳቱ በፊት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ተደርጓል። ሰው ነው ያደረገው።»

ጋሼ ዞረው አዩኝ።

«ልጆቼን አልይ! እኔ አይደለሁም!» አልኩ።

«ምናልባት እርስዎ የሆነ ቦታ ጽፈውት ይሆን?» አለቻቸው።

«ያላደረግሁትን ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

«ግድ የለም። ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለች። እሷን አውጥቼ ባቆያት የይለፍ ቃሉን ይረሳዋል፤ ሥራዎ አይነካም።» ገመዶቹን ነቃቅላ ሳጥኑን ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ አስተኛችው። ካቻቢቴዋን አወጣችና ቆም አለች። «ብሎኖቹ ላልተዋል። በቅርብ የከፈተው ሰው አለ?»

«ማንም አልከፈተውም» አሉ ጋሼ።

ክዳኑን አነሳችው። ገልበጥ አድርጋ ውስጡን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ክዳኑ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የታጠፈ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ላጠችውና ዘረጋችው። ቀይ ቀለም ነው። ሳላነበው የማን ጽሑፍ እንደሆነ አወቅሁ።

ስምንት አኃዝ ተጽፏል። ከሥሩ፣ «የማስነሻው ቃል ይህ ነው። ሌላ ሰው እንዳያገኘው እዚህ ተቀምጧል። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።» ይላል። ፊርማም አለበት።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አጠለቁ። አነበቡት፣ ደገሙት።

«ጽሑፉ የኔ ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ማን ነው የጻፈው?»

እሳቸው ወረቀቶቹ ላይ፣ አልጋው ጫፍ፣ ተቀመጡ። «ማክሰኞ ከትናንት ወዲያ ነው። ማክሰኞ ምን ሠራሁ?» ብለው እህቴን ጠየቋት፤ እንደ ሕፃን።

«ጠዋት ገላህን ታጠብክ» አለች። «ከዚያ አትግቢብኝ ብለህ በሩን ዘጋህ። ስትወጣ ካቻቢቴ ይዘህ ነበር። የመሳቢያ እጀታ ሳጠብቅ ነው አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። ትናንት ጠዋት ነገርኩህ። ያኔ ነው ተመካክራችሁ ያልከኝ።»

ያ አላነሰ ይመስል የሦስት ወር የሆድ የሆዷን ዘረገፈችው። ለካ አንድ ቀን ፀጉራቸውን ተቆርጠው በመጡ በሁለት ሰዓት ተመልሰው ሊቆረጡ ሄደው፣ ፀጉር አስተካካዩ ነው ይዟቸው የመጣ። ለካ የጎረቤት በር የራሳቸው መስሏቸው ሊከፍቱ ሲታገሉ ተገኝተዋል። እኔ በየሳምንቱ እዚያ ቤት እየገባሁ እየወጣሁ አንዱንም አልሰማሁም።

ጠጋኟ ሳጥኑን መልሳ ገጠመችና ስምንቱን አኃዝ አስገባች። ኮምፒውተሩ ጉር ብሎ ተነሳ። የነርሷ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዳለ ቁጭ ብሏል። ደስ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ጋሼን አስፈቅዳ የይለፍ ቃሉን አነሳች፣ መጽሐፉን ፍላሽ ላይ ገለበጠችላቸው።

ልሸኛት ስወጣ ደረጃው ላይ፣ «ስንት ኮምፒውተር ከፍቻለሁ» አለችኝ። «አቧራ፣ በረሮ፣ አንዴማ ከነልጆቿ የተኛች አይጥ። እንዲህ ያለ ነገር ግን...» ሳትጨርሰው ወረደች።

ስመለስ ጋሼ ቆመው ጠበቁኝ። ሁለቱን እጆቼን ያዙ።

«ሰደብኩህ አይደል?»

«ትንሽ ተቆጡ እንጂ ጋሼ...»

«አትሸፋፍንልኝ። ሌባ ብዬሃለሁ። እሱንማ አልረሳሁትም። ምነው እሱን በረሳሁት!» እኔ እኮ እዚያ ቤት የሄድኩት አሸንፌ ልወጣ ነበር።

ዓርብ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ አሳዩኝ ሲል፣ እህቴ ይዛ የመጣችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ብልቃጥ ለየ። አንዱ የእንቅልፍ ነው፣ ሌላው የማሳከክ፤ ጋሼ ከአራት ወር በፊት በሰው ምክር የጀመሯቸው።

«እነዚህን አብረው ነው የሚወስዱት?» አለ ዓይኑን አፍጥጦ።

«ማታ ማታ» አሉ ጋሼ።

በእሳቸው ዕድሜ ሁለቱ ሲገናኙ አእምሮን እንዲህ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ነገረን። ቀስ በቀስ እንዲተዉአቸው አዘዘ። ሁሉም ከመድኃኒቱ ይሁን አይሁን ግን ቃል አልሰጠንም፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንዲያያቸው ቀጠረን።

የመጨረሻዎቹን አርባ ገጾች እህቴ ጮክ ብላ እያነበበች፣ እሳቸው እያረሙ ጨርሰው ሰኞ አስረከቡ። ሦስት ወሩም አለፈ። ብዙው ነገር ተመልሷል፤ ቀልዳቸው፣ ጭቅጭቃቸው፣ የጎረቤት ስም። ያቺ ማክሰኞ ግን አልተመለሰችም። ሐኪሙም፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ ግን እንከታተል» ብሎ ሌላ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ የመኪናህን ጎማ ቀየርክ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀየርኩ አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። እህቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ፣ «የፊቶቹን ሁለቱን ቀየርኩ።»