በሰባተኛው ቀን የሚሞላ ወንዝ

የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሴንቲ ይላቸዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ወንዝ ወርደው፣ ውሃው ውስጥ ከቆመው ባለቁጥር ብረት ላይ ከፍታውን እያነበቡ መዝገብ ላይ አስፍረዋል። ወባ ሲጥላቸው እንኳ በሚስታቸው ትከሻ ተደግፈው ወርደዋል። እናታቸው የተቀበሩ ዕለት አርፍደው ስለደረሱ ከቁጥሩ ጎን «በሦስት ሰዓት የተነበበ» ብለው ጻፉ። ሌላው ማን ያየኛል ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሳቸው ግን ቁጥር ላይ ነገረኛ ናቸው።

አሥራ አንድ አገሮች የሰው ልጅ የምድርን ውሃና አየር ምን ያህል እንደለወጠ በጋራ ሊያጠኑ ተስማሙ ተባለና መዝገቦቻቸው ተሰብስበው ተወሰዱ። ጋሽ ሴንቲ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከላይ የተከፈተው ትልቅ እርሻ በፓምፕ ወንዙን እየጨረሰው ነው፤ አቤት ያሉበት ቢሮ ሁሉ ግን «ማስረጃ አምጡ» እያለ መልሷቸዋል።

«አሁን ይሰሙናል» አሏቸው ለሚስታቸው።

በዓመቱ አንዲት ወጣት ባለሙያ ከጥናቱ ቢሮ መጣች። የቀረበላትን ወንበር ይዛ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች።

«አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። የመጨረሻው ዘጠኝ ዓመት ከጥናቱ ወጥቷል።»

«ወጥቷል ማለት?»

«ስህተት ነው ተባለ። ስድስት ቀን ውሃው ይወርዳል፣ በሰባተኛው ቀን አንድ ክንድ ይነሳል። በተፈጥሮ እንዲህ የሚያደርግ ወንዝ የለም።»

«በተፈጥሮማ የለም! በሰባተኛው ቀን ፓምፖቹ ያርፋሉ። የኔ ልጅ፣ እናንተስ የምታጠኑት የሰውን ሥራ አይደል እንዴ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «ገብቶኛል እኮ። ግን እርሻው ፓምፕ አለኝ ብሎ አላስመዘገበም። ደግሞ ከድንበር ማዶ በዚሁ ወንዝ ላይ ያለው መለኪያ ጣቢያ ቁጥሩ እንዲህ አይዘልም። የተያዘው የሱ ነው።»

የማዶውን አንባቢ ጋሽ ሴንቲ ያውቁታል። ስልጠና ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ «እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ነው የምሞላው፤ የትናንቱን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ» ብሎ ሲስቅ በጆሯቸው ሰምተዋል። ይህንኑ ነገሯት።

«ማስረጃ አለዎት አባባ?»

ጋሽ ሴንቲ ቅስማቸው ተሰበረ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ግን መዳብ እንኳ አላሉትም። የሚፈልጉት ነገር እጃቸው ላይ ተቀምጦ ሳለ ቆሻሻ ነው ብለው ጣሉት።

በማግስቱ ጠዋት ሚስታቸው ጠበቋቸው፣ ጠበቋቸው።

«አንተ ሰው፣ ሰዓቱ እኮ አለፈ!»

«ዛሬ አልወርድም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ገለጡ፤ ከትናንቱ ቁጥር ላይ አንዲት ሴንቲ ቀንሰው ጻፉ። በሰባተኛውም ቀን እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ በኋላም ወንዝ አልወረዱም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአሥራ አንዱ አገሮች ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው። ሚስታቸው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦ «የጣቢያዎ መረጃ ጥራት በእጅጉ ስለተሻሻለ ወደ ጥናቱ መመለሱን በደስታ እንገልጻለን።»

ያን ሳምንት ሰዉ ወንዙን ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገር ነበር። መዝገቡ አንድ ሜትር ከአርባ ይላል።