ሜትር የማይነካው ጨርቅ

ልጅ ሳለሁ፣ አሜሪካ፣ ክላርክስተን ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ፣ ረቡዕ ረቡዕ አመሻሽ ላይ በቆሎ በከሰል እየጠበስን የጋሽ ዮሴፍን ተረት እንሰማ ነበር። ጋሽ ዮሴፍ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ወላጆቻቸው ከየመን የመጡ አይሁዳዊ ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የእኛን ሥጋ ሃይማኖታቸው ስለማይፈቅድላቸው እናቴ ዘንድ የሚበሉት በጾም ቀን ብቻ ነው፣ ያውም የገዛ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው። «ጾማችንን ከኛ በላይ የሚናፍቁት ጋሼ ናቸው» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ ደጋግመው የሚያወሩልን ስለ አባታቸው ነበር። ሰውዬው ለሠርግ ጨርቅ ሲሸጡ ስንዝር የማይለቁ ቆጥቋጣ ነበሩ አሉ። ሐዘንተኛ ሲመጣ ግን፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ሜትሩን አስቀምጠው ጨርቁን በእጃቸው ዘርግተው ዘርግተው እየቀደዱ ይሰጡት ነበር። እኔ ይህን አላመንኩም። ጋሽ ዮሴፍ ራሳቸው ለፀጉሬ ሪባን ስገዛ ጣት እንኳ አይጨምሩልኝም ነበራ!

አንድ ሐሙስ ጠዋት የአያቴ መርዶ ከጎንደር መጣ። እናቴ የመኖሪያ ወረቀቷ ስላላለቀ ሄዳ አባቷን መቅበር አልቻለችም። ቤታችንም እንዳታለቅስ፣ የአፓርትመንቱ ማኔጀር በልደቴ ቀን ጩኸት ጎረቤት ስሞታ ቢያቀርብብን ተናዶ «ሌላ ኮምፕሌይን ከመጣ ትለቃላችሁ» ብሎን ነበር። ትራስ ነክሳ ስትንሰቀሰቅ ጋሽ ዮሴፍ ደረሱ።

«ዓለሚቱ፣ ድምፅሽ የት ሄደ?»

«ኮምፕሌይን ያደርጉብኛል ጋሼ፤ ልጄን ይዤ የት እገባለሁ?»

«ተነሺ። የኔ ሱቅ ጎረቤት የለውም።»

ሱቁን ለገበያ ዘግተው ጣቃዎቹን ግድግዳ አስደግፈው ወንበር ደረደሩ። ከጥቁሩ ጣቃ ለእናቴ ቀደዱላት፣ ከዚያ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ። ሜትሩ ከተሰቀለበት ምስማር አልወረደም። እናቴ አባቷን በስሙ እየጠራች፣ እስኪወጣላት ድረስ ጮኻ አለቀሰች። አርብ ሰንበታቸው ሊገባ ሲል ቁልፉን ሰጥተዋት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ያ ሱቅ፣ ለሐበሻውም ለሶማሌውም፣ አፓርትመንቱ ያፈነው ለቅሶ ሁሉ የሚለቀስበት ቤት ሆነ።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ዮሴፍ አረፉ። እናቴን ከሎረንስቪል፣ ከራሷ ቤት፣ በመኪናዬ ወሰድኳት። ሴት ልጃቸው ቤት ለቅሶ ደራሹ በሹክሹክታ ያወራል፤ ልጃቸው ደርቃ ተቀምጣለች። እናቴ በሩን እንዳለፈች አንቱታውን ጥላ፣ ደረቷን መትታ «ዮሴፌ! ድምፄን የሰጠኸኝ!» ብላ ጮኸች። የድሮው ፍርሃት መጣብኝና ክንዷን ያዝኩ፣ «እማዬ፣ ቀስ በይ!» አልኩ። ያኔ ልጃቸው ከወንበሯ ተነሥታ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠመችና ጮኻ ማልቀስ ጀመረች። ክንዷን ለቀቅኩ።

ከጋሽ ዮሴፍ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። የአባታቸው ሜትር ግን አብሮኝ አለ፤ ዛሬም ለቅሶ ስደርስ፣ ሐዘኑን በሰዓት እንዳልለካ፣ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ መኪና ውስጥ ትቼው ነው የምገባው።